በረሃ ላይ ቡና ማፍላት አቃተን፣ ምን ይሻላል?

ሰላም ወገኖች፣ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ያደረ ካለ ይርዳኝ። ቅዳሜ ከዴንቨር ተነሥተን ኤል ማልፓይስ፣ ጆ ስኪን ወደሚባለው ነፃ ካምፕ ልንመለስ ነው። መጸዳጃ አለ፤ ውሃ ግን ጠብታም የለም። ባለፈው ጥቅምት ለአራት ሰው 20 ሊትር ይዘን በማግስቱ አለቀብን (ግማሹ ለቡና ሄደ፣ አልክድም)።

ትልቁ ጣጣ ምድጃው ነው። ቦታው ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነ ቀን ፀሐዩ ይለበልባል፣ ሌሊት ጀሪካኑ ውስጥ በረዶ ይጋገራል። የምድጃችን ጋዝ፣ ቡቴን፣ ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል። የጋዙን ጣሳ ብርድ ልብስ ውስጥ አቅፌው ባድርም ጠዋት እሳቱ የሻማ ያህል ነው። ፕሮፔን የሚባለውን ጋዝ ልግዛ ወይስ ሌላ ዘዴ አለ? እንጨት አንድዱ እንዳትሉኝ፤ ነፋሱን አይቼዋለሁ።

ደግሞ በገደሉ አፋፍ ላ ቬንታና የተባለው የድንጋይ ቅስት እስከሚታይበት ቦታ በእግር ለመሄድ ለአንድ ሰው ስንት ሊትር ትይዛላችሁ?