ጥቆማ፦ ቤታችን ዙሪያ የሚዞረው ትልቅ ተርብ የትኛው ነው? ማንን እንጥራ፣ ምን እንግዛ? (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ)

ጠያቂ፣ ስፕሪንግፊልድ
ሰላም ለሁላችሁ። አውራ ጣት የሚያህል ተርብ ማታ ማታ የበረንዳው መብራት ላይ እየመጣ መስኮት ይደበድባል። ቀን ደግሞ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ሲገባና ሲወጣ ይታያል። ያ በዜና የተወራለት የእስያው ተርብ ይሆን? ሆም ዲፖ ያለው ፍሊት ይበቃል ወይስ ባለሙያ ይጠራ? ቤት ውስጥ ልጆች አሉ።

መልስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
የእስያው አይደለም። እሱ በአሜሪካ የተገኘው በ2019 ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ፣ ካናዳ ድንበር ላይ ነው። ጎጆዎቹ በ2020 እና በ2021 ተለቅመው ጠፉ፤ በዲሴምበር 2024 ደግሞ ከአገሪቱ መጥፋቱ በይፋ ተነገረ። ወደኛ ሰፈር ደርሶ አያውቅም።

ማታ መብራት ላይ የሚመጣ ወፍራም ተርብ ከሆነ የአውሮፓ ሆርኔት ነው ብሎ መገመት ይቻላል። በ1840 ገደማ በኒው ዮርክ በኩል የገባ ነው። ሠራተኛዋ 2.5 ሴ.ሜ ገደማ ትሆናለች፣ ንግሥቲቱ እስከ 3.5 ትደርሳለች። ጭንቅላቷና ደረቷ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል። ሆዷ ቢጫ ሆኖ፣ ቢጫው ላይ የውሃ ጠብታ ቅርጽ ያላቸው ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ነጠብጣቡን አትርሱ። ጎጆዋን የምትሠራው በዛፍ ፍልፍል፣ ጣሪያ ሥርና ግድግዳ ውስጥ ነው፤ የእናንተም አገባብ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ከእሷ ጋር የሚምታቱ ሁለት አሉ። ሲካዳ ገዳይ የሚባለው በርዝመት ይበልጣታል፣ ግን ማታ አይመጣም። ጁላይና ኦገስት ላይ ሣር በሳሳበት ደረቅ መሬት ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ከጉድጓዱ አፍ ፊት የግማሽ ክብ ቅርጽ ያለው የአፈር ክምር ይተዋል። ፊታችሁ ላይ እየተወረወረ የሚያስደነግጠው ወንዱ ነው፣ እሱ ደግሞ መንደፊያ የለውም። ሴቷ ካልጨበጧት ወይም በባዶ እግር ካልረገጧት አትነድፍም። ለሱ መርዝ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። መሬቱን ውሃ አጠጡ፣ ሣር ዝሩ፣ ይሄዳል። ሁለተኛው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ዛፍ ላይ ግራጫ የወረቀት ጎጆ የሚሰቅለው ነው። በመጠን ያንሳል፣ በቁጣ ግን አይታማም፤ ጎጆው እግር ኳስ ያህላል፣ አንዳንዴም ይበልጣል።

መልስ፣ አርሊንግተን (ስለ መለያ አገልግሎት)
ሳትገዙ በፊት አስለዩ፣ ነፃ ነው። ሜሪላንድ ላላችሁ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን (ስለ ግብርና፣ አትክልትና ተባይ ምክር የሚሰጥ ክፍል) ፎቶ በኦንላይን ተቀብሎ በባለሙያ ያስመልሳል። ቨርጂኒያ ላላችሁ የካውንቲው ኤክስቴንሽን ቢሮ አለ፤ በበጋ ደግሞ ማስተር ጋርደነር የሚባሉ፣ በአትክልት ሥራ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ገበሬ ገበያ ላይ ጠረጴዛ ይዘው ይቀመጣሉ። «ሲክ» የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ለመጀመሪያ ግምት ጥሩ ነው፣ በደበዘዘ ፎቶ ግን ይሳሳታል።

ፎቶው ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ይሁን። ጠዋት መብራቱ ሥር የሞተ ካገኛችሁ በወረንጦ አንሡ፣ በጣት አይሆንም፤ የሞተም ይወጋል። አጠገቡ ኳርተር አስቀምጡ፤ የሳንቲሙ ስፋት 2.4 ሴ.ሜ ስለሆነ መጠኑ ወዲያው ይለያል።

አትላንታና ሳቫና ያላችሁ የምትጠብቁት ሌላ ነው። እግሩ ጫፍ ላይ ቢጫ የሆነው ጥቁር ቡናማ ሆርኔት በ2023 ሳቫና አካባቢ ተገኝቷል፣ ንብ ይፈጃል። ጎጆውን ሳትነኩ ለጆርጂያ ግብርና መሥሪያ ቤት ፎቶ ላኩ።

መልስ፣ አሌክሳንድሪያ (ስለ ምርቶቹ)
ሬይድ፣ ስፔክትራሳይድና ኦርቶ ሁሉም ራቅ ብሎ የሚተኮስ ፍሊት አላቸው። ቆርቆሮው ላይ ሬይድ እስከ 22 ጫማ፣ ስፔክትራሳይድ እስከ 27 ይላል። ልዩነቱ ያን ያህል አያጣላም፤ በቅናሽ የሚሸጠውን ውሰዱ። ሦስቱም የሚሠሩት ጎጆው ፊት ለፊት ሲታይ ነው።

ጎጆው ግድግዳ ወይም ሶፊት (የጣሪያው ጠርዝ ከሥር የተሸፈነበት) ውስጥ ከሆነ ፍሊት አይሆንም። በር ላይ ያሉትን ይገድላል፣ ውስጥ ያሉት ሌላ መውጫ ይፈልጋሉ። ቀዳዳውን በፎም ወይም በሲሊኮን መድፈን ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ድራይዎሉን (የውስጡን ግድግዳ ሰሌዳ) በልተው መኝታ ቤት ይገባሉ። እዚህ ላይ የሚሠራው የተባይ መግደያ ዱቄት ነው። ዴልታ ደስት እርጥበት ስለሚችል እመርጠዋለሁ። በእጅ ተጨምቆ በሚነፋ ላስቲክ መግቢያው ላይ በስሱ ይነፋል፤ ሲገቡ በሰውነታቸው ይዘውት ይገባሉ። ከበዛ ግን ይሸሹታል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላም የሚመላለስ ካለ ይደገማል።

«ማታ ይተኛሉ፣ ያኔ ርጩ» የሚለው የተለመደ ምክር ለአውሮፓ ሆርኔት አይሠራም፣ ማታም ይበራል። ባትሪ በእጃችሁ አትያዙ፣ የሚመጡት ወደ ብርሃኑ ነው። መሰላል ላይ ሆኖ መርጨት ጨርሶ አይታሰብም፤ የነደፉት ሰው መሰላሉን ይለቃል። ቤንዚን የሚያፈስ ሰው ካለም ተዉ በሉት፣ ቤት ያቃጥላል።

ወጥመድ፣ ለምሳሌ ሬስኪው፣ ጥቂቶቹን ይይዛል እንጂ ጎጆውን አያጠፋም። በሩ አጠገብ ከሰቀላችሁት ጭራሽ ትጠራቸዋላችሁ። የበረንዳውን ነጭ አምፖል በቢጫ መቀየር ከወጥመድ ይበልጣል፣ ርካሽም ነው።

መልስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ጠያቂያችን፣ ከጣሪያ ጠርዝ ሥር ከሆነና ልጆች ካሉ ባለሙያ ጥሩ። አፓርታማ ከሆነ ለቢሮው በጽሑፍ አሳውቁ፣ ከኪሳችሁ አትክፈሉ። ኩባንያ ስትደውሉ የስቴቱን ፈቃድ ቁጥር ጠይቁ፤ ከዚያም «ፍሊት ነው ወይስ ዱቄት የምትጠቀሙት? ካልጠፋ በዚያው ዋጋ ትመለሳላችሁ?» በሏቸው። ለአንድ ጎጆ የዓመት ውል ሊያስፈርም የሚሞክር አለ፣ አያስፈልግም። ንብ አርቢ መጥራትም አይረዳም፣ እነሱ የሚወስዱት የማር ንብ ነው።

ልጅ ከተነደፈና ፊቱ ወይም ጉሮሮው ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረው ወይም ራሱን ከሳተ ወዲያው 911።

መልስ፣ አሌክሳንድሪያ
ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ካወቃችሁት ግን ክፍያውን ተዉት። ውርጭ ሲመጣ ሠራተኞቹ ያልቃሉ፤ አዲሶቹ ንግሥቶች ሌላ ቦታ ይከርማሉ፣ አሮጌውን ጎጆም ደግመው አይጠቀሙበትም። ቀዳዳው የሚደፈነው ያኔ፣ ምንም እንቅስቃሴ እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። የአየር ማስገቢያ ከሆነ ዓይኑ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ወንፊት አስመቱበት፣ ስንጥቅ ከሆነ ሲሊኮን ይበቃል።