ለጥር ሠርጋችን የፎቶና የቪዲዮ ባለሙያ በምን እንምረጥ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና እጮኛዬ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ አዲስ አበባ ውስጥ በተክሊል እንጋባለን። ሌሊት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት አዳራሽ፣ በማግስቱ ደግሞ መልስ አለ። እስካሁን ሁለት ስቱዲዮዎችን አነጋግረናል፤ አንዱ ፎቶውንም ቪዲዮውንም በአንድ ዋጋ ጠቅልሎ ይሠራል፣ ሌላው ፎቶ ብቻ የሚያነሣ ሲሆን ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። የሁለቱም ናሙና ያማረ ስለሆነ መለየት አቃተን። ግማሹን ዋጋ ቀብድ እንድንከፍልም ተጠይቀናል። ምን አይተን፣ ምንስ ጠይቀን ብንወስን ይሻላል?

መልስ፦ ባለፈው ዓመት ያገባች

እኅቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ናሙና ከብዙ ሠርግ ተለቅሞ የሚወጣ በመሆኑ አያምርም ማለት ያስቸግራል። ስለዚህ የአንድን ሠርግ ሙሉ ሥራ፣ ከሙሽሪት ቤት ዝግጅት እስከ ኬክ ቆረሳው ያለውን፣ ሳይመረጥ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ እንደ እናንተው ሌሊት ተክሊል የነበረበት ቢሆን ይመረጣል። ስታዪም የሀበሻ ቀሚሱን ጥለት ልብ ብለሽ ተመልከቺ። ብርሃን በዝቶበት የጥበቡ መስመር ከነጩ ሸማ ጋር ከተዋሐደና ከጠፋ፣ ባለሙያው ነጭ ልብስ ማንሣት አይችልበትም፤ በእኛ ሠርግ ደግሞ ከሙሽሪት እስከ እናቶች ነጭ ያልለበሰ ጥቂት ነው። የሙሽሪት ፊት ከእጇ ቀለም ተለይቶ የነጣ እንደሆነም በኤዲቲንግ ተነካክቷል ማለት ነው። መልካችንን እንደ ጉድለት ቆጥሮ የሚያነጣ ሰው፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ እኔ አልመርጥም።

መልስ፦ የሠርግ ፎቶ አንሺ

ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ሳምንታት ሠርግ ስለሚደራረብ፣ አንዳንድ ስቱዲዮዎች በአንድ ቀን ብዙ ሥራ ይቀበሉና ከውጭ ካሜራማን ይቀጥራሉ። ስለዚህ ከዋጋው አስቀድመው መጠየቅ ያለብዎ በዕለቱ የሚመጣው ማን እንደሆነና ያሳዩዎትን ሥራ የሠራው እርሱ ራሱ መሆኑን ነው። ሰውየውን በአካል ያግኙት፤ ስሙም በውሉ ላይ ይጻፍ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። በቅዳሴና በሥርዓተ ተክሊሉ ጊዜ የት መቆምና በምን ብርሃን መቅረጽ እንደሚፈቀድ የሚወስነው ደብሩ ስለሆነ፣ የደብሩን ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይጠይቁ፤ የተነገርዎትንም ለባለሙያው ያስተላልፉ። ካህናቱ ካባውን ሲያለብሱና አክሊሉን ሲደፉ ቅደም ተከተሉን የማያውቅ ሰው ዘግይቶ ይደርስና በምእመናኑ መካከል እየተሽሎከለከ ፍላሽ ያበራል፤ የሚያውቅ ግን ቀድሞ ቦታውን ይዞ ያለ ፍላሽ ይሠራል።

ካሜራው በሁለት ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቀዳ መሆኑንም ይጠይቁ፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሠርግ አይደገምም። ፎቶና ቪዲዮ ከአንድ ድርጅት ቢሆን ሰዎቹ ስለሚግባቡ አንዱ የሌላውን እይታ አይጋርድም። ከሁለት ድርጅት ከሆነ ግን ከሠርጉ በፊት አገናኟቸው።

መልስ፦ ልጅ የዳረች እናት

ልጄ፣ ቪዲዮውን ስትመርጪ በዓይንሽ ብቻ አትመዝኚ። ወላጆች ጉልበት ሲሳሙ የሚመርቁት ምርቃት በብዙ ቪዲዮ ላይ ዘፈን ተደርቦበት አይሰማም። የዳርኋት ልጄም ቪዲዮ እንዲሁ ሆኖ የአባቷ ምርቃት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። ለምርቃቱ የተለየ ማይክ እንዲያዘጋጁ፣ ከዚያ ላይም ሙዚቃ እንዳያስገቡ ከወዲሁ ንገሪያቸው፤ ያልተቆረጠውንም ቀረጻ በሃርድ ዲስክ ተቀበዪ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ስለ ቀብዱ ጥንቃቄ ያሻል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን እንደሚያስረዳ ይደነግጋል። በአንቀጽ 1885 መሠረት ደግሞ፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። የሠርጋችሁ ቀን ቢለወጥ የዋጋውን ግማሽ እንዳታጡ፣ በቀብድ ስም የሚሰጠው ገንዘብ አነስተኛ ይሁን፤ የቀረው ቅድሚያ ክፍያ መሆኑ በውሉ ተለይቶ ይጻፍ። የመጨረሻውንም ክፍያ አልበሙንና ቪዲዮውን ከመረከባችሁ በፊት አትጨርሱ፤ የማስረከቢያው ቀን “በቅርቡ” ተብሎ ሳይሆን በቀንና በወር ይቀመጥ።

የዚሁ ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስቱዲዮው ፎቷችሁን በቲክቶክ ወይም በሱቁ መስኮት ለማስታወቂያ እንዲጠቀምበት የማትፈልጉ ከሆነ ይህንኑ በውሉ ላይ አስፍሩት።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለቱንም ስቱዲዮዎች ሙሉ ሥራ እንዲያሳዩን ጠይቀን፣ ጠቅልሎ የሚሠራው ለማሳየት ፈቃደኛ ስላልሆነ ትተነዋል። ፎቶውን ለሁለተኛው ሰጥተን፣ አብሮት የሚሠራ የቪዲዮ ባለሙያ እንዲያገናኘን ተስማምተናል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ የእጮኛዬ ወንድሞች ድሮን ይኑር ይላሉ።

መልስ፦ የሠርግ ፎቶ አንሺ

ድሮን ለማብረር ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለሙያው ፈቃዱን በእጁ ካላሳየዎት ይተዉት፤ ለድሮኑ የሚወጣውን ገንዘብ ለሁለተኛ ካሜራማን ቢያውሉት፣ አንዱ በሙሽራው ቤት ሌላው በእርስዎ ቤት ሆነው የማለዳውን ዝግጅት ሁለቱንም ይቀርጹላችኋል።