«ልምምድ አይዋሽም» ያልከው ልጅ ና እስቲ

የጣርማበር ጉም፦ ትናንት ሐምሌ 24/2017 ደብረ ብርሃን ኳስ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ጨዋታው እስኪጀምር ድረስ «የአዲሱን የአርሰናል አጥቂ የዮኬሬሽን የልምምድ ቪዲዮ አላያችሁም እንዴ? ልምምድ አይዋሽም» እያለ ጆሮዬን በላው። ከዛስ? ሆንግ ኮንግ ላይ ቶተንሃም አርሰናልን 1 ለ 0። የቶተንሃሙ ፓፕ ሳር ኳሷን ከመሀል ሜዳ አካባቢ በአርሰናሉ በረኛ በራያ አናት ላይ ላካት። ለዚች ነው ሥራ ጥዬ በ8 ሰዓት ተኩል በዛ ብርድ 20 ብር የከፈልኩት? ይሄ የልምምድ ዜና ምናምን ቢቀርብን ምናለ

አንኮበር መድፈኛ፦ ልጁ እኔ ነኝ 😂 ጋቢ ተከናንበህ ስትንቀጠቀጥ የነበርከው አንተ ነህ? ሰውየው ከፈረመ ሳምንት አልሞላውም፣ እሱም ተቀይሮ ነው የገባው። አምና ለስፖርቲንግ በ52 ጨዋታ 54 ጎል ያገባ ሰው ነው። አሁንም እላለሁ ልምምድ አይዋሽም

የጣርማበር ጉም፦ 54ቱን ልምምድ ላይ ነው ያገባው? ራስህን በራስህ ጣልክ እኮ

የሰላ ድንጋይ ቀይ ሰይጣን፦ ቆይ አንዴ፣ ልምምድ የማይዋሽ ከሆነ አርሰናል 3 ዓመት በተከታታይ 2ኛ የወጣው ልምምዱ እውነቱን ስለተናገረ ነው ማለት ነው 🤣

አንኮበር መድፈኛ፦ እንደ ማንቸስተር ዩናይትድ በ42 ነጥብ 15ኛ የወጣ ክለብ ደጋፊም አፍ አለው። ነሐሴ 11 ኦልድ ትራፎርድ ላይ እንገናኝ

ሮቢት ነኝ፦ እኔ ደሞ ከጨዋታው ይልቅ ልምምዱን ነው የምወደው፣ ሳቁብኝ። የአርሰናሉ ሳካ ታኅሣሥ ላይ ጡንቻውን ተጎድቶ 3 ወር ሲጠፋ በየቀኑ የልምምድ ፎቶ እያሰፋሁ ከኋላ ያለው እሱ ይሆን እያልኩ ስፈልገው ነው የከረምኩት። ማን ለብቻው ይሮጣል፣ ማን ጉልበቱን አስሯል፣ ጋዜጠኛው ሳይነግርሽ ታውቂዋለሽ። ውጤት መተንበያ ነው ያለው ማነው?

የጣርማበር ጉም፦ እህቴ «አይዋሽም» ያለው እሱ ነው እኔ አይደለሁም

ጋሼ ባሶና፦ እናንተ ልጆች፣ አበበ ቢቂላ እዚሁ ጃቶ ተወልዶ በፈረንጅ 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የልምምድ ቪዲዮ ማን አየለት?

አንኮበር መድፈኛ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና አሰልጣኙ ኒስካነን ከስዊድን አይደል የመጣው? ዮኬሬሽም ስዊድናዊ ነው። የስዊድን ልምምድ አይዋሽም!!

ጋሼ ባሶና፦ ወይ ጉድ። አበበን ከዚህ ጋር? የሮጠው ኒስካነን ነው እንዴ ልጄ?

አንኮበር መድፈኛ፦ ኧረ ጋሼ አልወጣኝም፣ ያለ ልምምድ አልሮጠም ነው ያልኩት

የሰላ ድንጋይ ቀይ ሰይጣን፦ በፈረንጅ 2004 ላይ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ስታነሱ ልምምዱ በምን ቻናል ነበር የሚተላለፈው? ከዛ ወዲህ ነው መሰለኝ መዋሸት የጀመረው

ሮቢት ነኝ፦ ጎሏን ግን በደንብ ያየ አለ? እኛ ጋ ልክ ሳር ሲመታት መብራት ሄደ

የጣርማበር ጉም፦ እኛ ጋ ጄኔሬተር ነበር ግን ባለቤቱ ለናፍጣ ብሎ 5 ብር ጨመረብን። ለወዳጅነት ጨዋታ!

አንኮበር መድፈኛ፦ ውሸታም፣ አንተ 5ቷን አልከፈልክም፣ እኔ ነኝ የከፈልኩልህ