22አር ሃይሉክስ ዳገት ላይ ሚስ ያደርጋል

ጥያቄ፦ ሰላም ወገን፣ መኪናዬ 22አር ሞተር ያለው ቶዮታ ሃይሉክስ፣ አሮጌ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቃይ) ፒክአፕ ነው። ከለገሃር በቸርችል ወደ ፒያሳ ስወጣ ሚስ ያደርጋል (ሞተሩ ይቆራረጣል)፣ ጉልበትም ያጣል። ቆሞም ይንቀጠቀጣል። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካርቡሬተሩን ገና እንዳታስነካ! ሞተሩን አስነሳና የካንዴላ ካቦዎቹን (ቤንዚኑን በብልጭታ ለሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ኤሌክትሪክ የሚወስዱትን ገመዶች) በየተራ ነቅለህ መልስ፣ ግን ይነዝራልና በደረቅ ወፍራም የጎማ ጓንት ያዝ። ስትነቅለው ድምፁ የማይለወጠው ሲሊንደር እሱ ነው የማይሠራው። ካንዴላውን ፍታና እየው፤ ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ነዳጅ በዝቶበታል፣ በቤንዚን ከራሰ ግን ምናልባት እሳት (የኤሌክትሪክ ብልጭታ) አልደረሰውም።

ሌላ መልስ፦ ማታ ኮፈኑን ከፍተህ አስነሳው። ካቦው ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ካየህ ካቦው እሳት ያፈሳል፣ ኤሌክትሪኩ ካንዴላው ሳይደርስ ያመልጣል። ዳገት ላይ የሚብሰውም ለዚህ ነው፣ ሞተሩ ሲጫነው ጠንካራ እሳት ይፈልጋል።

ጠያቂው፦ የማይሠራው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፣ ካንዴላው ርሷል! ነገ ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ሰፈር) ካቦ ልገዛ ነው።

መልስ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ካንዴላውን ከሁለተኛው ሲሊንደር ካንዴላ ጋር አቀያይር። ችግሩ አብሮት ወደ ሁለተኛው ከሄደ የተበላሸው ካንዴላው ነው፣ ካቦው ጤነኛ ነው።