60,000 ብር ይዘናል፤ የትኛውን ቴሌስኮፕ እንግዛ?

ሰብሳቢዋ፦
ወገኖች፣ እንደምን አመሻችሁ። መዋጮው ሞልቷል። 40 አባላት 1,500 ብር አዋጥተን 60,000 ብር ባንክ ገብቷል። ተባረኩ፣ አላህ ይጨምርላችሁ። አሁን የቀረን ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበው ሐሳብ ነው። ደሴ ውስጥ ለተማርንበት ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ የመጀመሪያውን ቴሌስኮፕ እንገዛለን ብለን ተስማምተናል። እስካሁን የጻፍኩት ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ማኅበሩ ለክበቡ ጥሩ ቴሌስኮፕ ይገዛል።» «ጥሩ» ማለት ምን እንደሆነ ንገሩኝ። የምታውቁትን ሳትሰስቱ ጻፉ።

ገንዘብ ያዡ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ለሥራ ወጣ ባልኩበት አንድ ሱቅ ውስጥ ቴሌስኮፕ አይቼ ዋጋ ጠይቄ ነበር። ካርቶኑ ላይ 525 እጥፍ ያጎላል ተብሎ ተጽፏል። ትራይፖዱም (ባለሦስት እግር መቆሚያው) ሌንሶቹም አብረው አሉ። ዋጋው ከያዝነው ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ ሁለት ገዝተን አንዱን ለደሴ፣ አንዱን ለኮምቦልቻ ልጆች መስጠት እንችላለን። ይህ ገንዘብ ከብዙ ሰው ኪስ የወጣ ነው። አንድ ብር እንኳ ያለቦታው እንዲወጣ አልፈልግም።

የፊዚክስ መምህሩ፦
ጋሼ፣ ለገንዘቡ ስለሚጠነቀቁ እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ካርቶኑ ላይ የፊተኛው ሌንስ ዲያሜትር ስንት ይላል?

ገንዘብ ያዡ፦
ፎቶ አንስቼ ነበር። 60 ሚሊ ሜትር፣ ከጎኑ ደግሞ 700 ይላል።

የፊዚክስ መምህሩ፦
እንግዲያው 525 ከየት እንደመጣ ላሳያችሁ። 700 ሚሊ ሜትር የፎከስ ርዝመቱ ነው፤ ከፊተኛው ሌንስ ብርሃኑ እስከሚገናኝበት ነጥብ ያለው ርቀት ማለት ነው። አብራው የምትመጣው ትንሿ የዓይን ሌንስ ብዙ ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ናት። 700ን ለ4 ስናካፍል 175 ይመጣል። በዚያ ላይ ሦስት እጥፍ የሚያጎላ ተጨማሪ ሌንስ ይጨምሩና 525 ይሉታል። ሒሳቡ ልክ ነው። የሚታየው ነገር ግን ድፍን ያለ፣ የደበዘዘ ጥላ ነው።

አንድ ቴሌስኮፕ በደህና ሰማይ ሊያጎላ የሚችለው ቢበዛ የዲያሜትሩን ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ለ60 ሚሊ ሜትር 120 እጥፍ አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ማጉላት የደበዘዘውን ማስፋት ብቻ ነው።

ቴሌስኮፕ ከሁሉ በፊት ብርሃን ማጠራቀሚያ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ደጅ ላይ የቡና ስኒ ብናስቀምጥና ሳፋ ብናስቀምጥ አንድ አይሆንም። 60 ሚሊ ሜትር የስኒ አፍ ያህል ነው። 130 ሚሊ ሜትር የሻይ ሳህን ያህላል። በዓይን ሲያዩት ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ብርሃኑ ግን የሚቆጠረው በስፋቱ ስለሆነ 130ው ከ60ው ወደ 4.7 እጥፍ ይሰበስባል። የመጀመሪያው ሐሳቤ ይህ ነው፦ ረቂቁ ላይ «ስንት ያጎላል» የሚለው ወጥቶ «ዲያሜትሩ ስንት ነው» የሚለው ይግባ።

ሆጤ የምትኖረው አባል፦
መምህር ያለው እውነት ነው፤ እኔ ቤት ደርሷል። ለልጄ እንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ ተልኮለት ነበር። በረንዳ ላይ ተከልነው። ጁፒተር ከአዝዋ ገደል በላይ ደምቆ ወጥቶ ነበር። ልጄ ግማሽ ሰዓት ፈልጎ አገኘውና «እማዬ፣ ነይ ቶሎ!» አለኝ። ሮጥኩ። ዓይኔን ሳስጠጋ ጉንጬ ሌንሷን ነካት። ጁፒተር ዘሎ ጠፋ። እንደገና ፈለገ፤ እንደገና አገኘ። አሁን ደግሞ ነፋስ መጣ። የትራይፖዱ እግር እንደ ሸምበቆ ይንቀጠቀጣል፣ ኮከቡም አብሮ ይንቀጠቀጣል። በሦስተኛው ቀን ልጄ መጠየቁን ተወ። ዕቃው አሁን ቁምሳጥን ጀርባ ነው። ልጁ ሰማዩን ጠልቶ አይደለም። የመቆሚያው ነገር ነው ያሰለቸው። እባካችሁ የክበቡን ልጆች እንዲህ አናድርጋቸው።

ገንዘብ ያዡ፦
ይህን ባላውቅ ኖሮ ሁለት ገዝቼ ነበር። ሐሳቤን አንስቻለሁ። ታዲያ ምን እንግዛ?

የፊዚክስ መምህሩ፦
የኔ ምርጫ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ 130 ሚሊ ሜትር መስታወት ያለው ዶብሶኒያን ነው። ብርሃኑን የሚሰበስበው በፊተኛ ሌንስ ፈንታ በመስታወት ነው። ጆን ዶብሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው ያስተዋወቀው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቴሌስኮፕ እየሠራ መንገድ ላይ አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን ጨረቃ ያሳይ ነበር። መቆሚያው ትራይፖድ የለውም። ከጣውላ የተሠራ ሣጥን ነው፤ ወደ ጎን ይዞራል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፣ አለቀ። በጣት ይገፋል፤ ሲለቁት እዚያው ይቆማል። ገንዘቡ ለብረት እግርና ለማርሽ ሳይሆን ለመስታወቱ ይውላል ማለት ነው።

ኢኳቶሪያል የሚባለውን፣ በአንድ ዘንግ እየዞረ ከዋክብትን የሚከተለውን መቆሚያ የሚያስብ ካለም ልመልስ። እሱ አንዱ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ ማነጣጠር አለበት። ደሴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 11 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። በብዙው ሰፈራችን ተራራ ወይም ቤት ይጋርደዋል። ከእነዚህ መቆሚያዎች ብዙዎቹ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰማይ ስለተሠሩ ያን ያህል ዝቅ ማለትም አይመቻቸውም። ለኛ አገር ልጅ ትርፉ ድካም ነው።

ዶብሶኒያንም አንድ እንከን አለው፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ፕላኔቶች በኛ ሰማይ አናታችን አጠገብ ያልፋሉ። ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲቆም ወደ ጎን ማዞሩ ያስቸግራል። መፍትሔው አናት ላይ ከመድረሳቸው በፊት ወይም ካለፉ በኋላ ማየት ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፦
ለምን 150 አንልም? ከ130ው በሲሶ የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል።

የፊዚክስ መምህሩ፦
እህቴ፣ ብሩ ቢተርፍ እኔም እሱን እመርጥ ነበር። ግን ሁሉንም ብር ቱቦው ላይ ካዋልነው የቴሌስኮፑ ማስቀመጫ አይኖረንም፣ የፀሐይ ማጣሪያ አይኖረንም። 130ው ወደ 6 ኪሎ ነው። አንድ ልጅ ታቅፎት ግቢውን ያቋርጣል። ቱቦው የሚታጠፍ ዓይነት ከሆነ ከውጭ የሚመጣ አባል ሻንጣው ውስጥ ይዞት ሊመጣ ይችላል።

ሆጤ የምትኖረው አባል፦
ምን ያሳየናል? ወላጆች የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው።

የፊዚክስ መምህሩ፦
የጨረቃን ጉድጓዶችና የተራሮቿን ጥላ። ጋሊሊዮ በ1610 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያያቸውን አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች። ቦታቸውን ሌሊት በሌሊት ሲቀያይሩ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ መሳል ይችላሉ። የፎከስ ርዝመቱ 650 ከሆነ በ25 ሚሊ ሜትሯ ሌንስ 26 እጥፍ፣ በ10ሯ 65 እጥፍ ያጎላል። በ65 እጥፍ የሳተርን ቀለበት ከፕላኔቱ ተለይቶ ይታያል። ቀለበቱ መጋቢት 2017 ላይ ጠርዙን ወደ ምድር አዙሮ ነበርና ለጊዜው ቀጭን ነው። ዓመት በዓመት እየተከፈተ ይሄዳል።

ደግሞ የኛ ዕድል አለ። ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው ግዙፍ የከዋክብት ክምችት ለአብዛኛው አውሮፓ ከአድማስ በላይ አይወጣም። ለኛ በደቡብ በኩል 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። እንደ ጋላክሲ ፎቶ ያሸበረቀ ቀለም ግን አትጠብቁ። ደብዛዛው ነገር በዓይን ሲታይ ግራጫ ነው። ይህን ለልጆቹ ቀድመን እንንገራቸው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፦
እንግዲያው 150ውን ትቼዋለሁ። በምትኩ ከሚተርፈው አንድ 10 በ50 ባይኖኩላር ይጨመር፤ በሁለት ዓይን የሚታይበት፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሶቹ ዲያሜትር 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ማለት ነው። አንዱ ልጅ በቴሌስኮፑ ሲያይ ሌላው ቆሞ ከሚበርደው በባይኖኩላር ሰማዩን ይልመድ። ቴሌስኮፕ የሚያሳየው ጠባብ ቦታ ነው። የት እንደሚያነጣጥሩ ሳያውቁ ቢሰጧቸው ይጠፋባቸዋል።

ኮምቦልቻ ያለው እንጨት ሠሪ፦
አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ጠረጴዛው ራሱ ዋና ነገር ነው። የክፍል ዴስክ ይወላገዳል። እኔ ባለሦስት እግር ዱካ እሠራለሁ። ሦስት እግር ያለው ነገር ወጣ ገባ መሬት ላይም አይነቃነቅም። ላዩ ወፍራም ኮምፖርሳቶ፣ እግሩ ባሕር ዛፍ። ለእጄ ዋጋ አልጠይቅም፤ የዕቃውን ብቻ ቻሉልኝ። በዚሁ የኔን ሐሳብ ረቂቁ ውስጥ አስገቡልኝ። ኮምቦልቻ ላይ ያለን አባላትም አዋጥተናል። በወር አንድ ቅዳሜ መሣሪያው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ወደኛ ይምጣ።

ሰብሳቢዋ፦
ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። የወር ቅዳሜው ገብቷል። የት ነው የምናየው? ደሴ ላይ ጭጋጉን ታውቁታላችሁ።

የፊዚክስ መምህሩ፦
ሐምሌና ነሐሴን እንርሳቸው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ነው የኛ ወቅት። ከዚያ የበልግ ደመና ይመጣል። ለጨረቃና ለፕላኔት የትምህርት ቤቱ ግቢ ይበቃል፤ የፒያሳ መብራት አያስቸግራቸውም። እንደ ከዋክብት ክምችት ላሉት ደብዛዛ ነገሮች ግን ወደ ቦሩ ሜዳ መውጣት ይሻላል። ሜዳ ነው፣ የጦሳ ተራራም ሰማዩን አይጋርደውም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል። መስታወቱ ከቤት ሙቀት እንደወጣ ምስሉ ይርገበገባል፤ ግማሽ ሰዓት ደጅ ይቀመጥ። ጤዛ ቢይዘው ደግሞ አደራ፣ በነጠላ ጫፍም በሶፍትም እንዳይወለወል። ራሱ ይደርቃል።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ፀሐይን ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 14 ላሊበላ ላይ ቀለበታዊው ግርዶሽ ሲታይ ሕዝቡ ምን ያህል እንደጓጓ ታስታውሳላችሁ። በ2019 ሐምሌ 26 ሌላ ግርዶሽ አለ። ለኛ ከፊል ይሆናል፤ ክረምት ቢሆንም ደመናው ከገለጠልን ልጆቹ ቴሌስኮፑን ማውጣታቸው አይቀርም። ከዓይን ሌንሷ ላይ የምትጠመጠም ትንሽ ጥቁር ማጣሪያ ካርቶኑ ውስጥ ከተገኘች ትጣል። በሙቀት ትሰነጠቃለች፣ ዓይን ታጠፋለች። ማጣሪያው የቱቦውን አፍ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት። ካልተገዛ ቴሌስኮፑ ቀን አይውጣ።

ገንዘብ ያዡ፦
ይህ በደማቁ ይጻፍ። የልጅ ዓይን በገንዘብ አይተካም። የገንዘቡን ክፍፍል እንዲህ አቅርቤዋለሁ፦ ቴሌስኮፑ ከነማምጫው ከ45,000 ብር አይለፍ። የቀረው 15,000 ለባይኖኩላር፣ ለፀሐይ ማጣሪያና ለዱካው ዕቃ። ጉምሩክ ላይ የሚጠየቀውን ከመግዛታችን በፊት እኔ ሄጄ እጠይቃለሁ።

ሰብሳቢዋ፦
እስካሁን ያላችሁትን ሰብስቤ እንዲህ ጽፌዋለሁ። የሚጎድል ካለ እስከ ዓርብ ማታ ንገሩኝ።

«ማኅበሩ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ 130 ሚሊ ሜትር መስታወት ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ፣ አንድ 10 በ50 ባይኖኩላርና የቱቦውን አፍ የሚሸፍን የፀሐይ ማጣሪያ ይገዛል። ያለ ማጣሪያው መሣሪያው ቀን አይወጣም። የቴሌስኮፑ ማስቀመጫ ዱካ በአባላችን ይሠራል። ከመረከቡ በፊት ሁለት መምህራንና አራት ተማሪዎች አጠቃቀሙንና መስታወቶቹን በካቻቪቴ ማስተካከሉን ይለማመዳሉ። በወር አንድ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ጠቅላላ ወጪው ከ60,000 ብር አይበልጥም።»

ሆጤ የምትኖረው አባል፦
አንድ ይጨመር። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ብቻ አይሁን። ቁልፍ የያዘው ሰው ታሞ ወይም ተዛውሮ መሣሪያው ተቆልፎበት እንዳይከርም።

ሰብሳቢዋ፦
ተጨምሯል። ሁለት ቁልፍ፣ አንዱ ተማሪ ጋ።

ኮምቦልቻ ያለው እንጨት ሠሪ፦
መምህር፣ ዱካውን ከመቁረጤ በፊት ከፍታውን ንገረኝ። የ9ኛ ክፍል ልጅ ቆሞ ነው የሚያየው ወይስ ተቀምጦ?

የፊዚክስ መምህሩ፦
ተቀምጦ። ተቀምጦ የሚያይ ልጅ አይቸኩልም። 50 ሳንቲ ሜትር አድርገውና አንድ ዝቅ ያለ በርጩማ ጨምርልን። ቅዳሜ ስወርድ የመሣሪያውን ወርድ በካርቶን ቆርጬ አመጣልሃለሁ።