የወንጀለኛ ልጅ ወንጀልን ይወርሳልን?

የልጁ አክስት፦
ሟች እኅቴ የተወችልኝን የ9 ዓመት ልጅ አሳድጋለሁ። አባቱ ሰው ገድሎ ማረሚያ ቤት ይገኛል። ባለፈው ሳምንት ልጁ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተጣልቶ ድንጋይ ሲያነሣ ያዩት አንድ ዘመዳችን፣ እየሰማቸው «ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ። ድንጋዩን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠና ወደ ቤት ገባ፤ እስከ ማታም ቃል አልተነፈሰም። ወንጀል በእርግጥ በደም ይተላለፋልን?

የሥነ ልቦና መምህር፦
እኅቴ፣ ወንጀል የሚያሠራ ዘረ መል የሚባል ነገር የለም። ሊወረስ የሚችለው እንደ ቁጡነትና ችኩልነት ያለ ዝንባሌ ነው፤ እሱም ቢሆን እንደ አስተዳደጉ ይለያያል። በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 እና በ1973 የተወለዱ ከ1,000 በላይ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት በ2002 ባወጣው ውጤት፣ ኤምኤኦኤ የተባለው ዘረ መል ሥራው ደካማ የሆነባቸውና በልጅነታቸው ክፉኛ የተበደሉ ወንዶች ወደ ጠበኝነት አዘንብለው ሲገኙ፣ ያው ደካማ ዘረ መል እያላቸው ሳይበደሉ ያደጉት ግን ከሌሎች የከፉ አልነበሩም። በኋላ ከተደረጉት ጥናቶች ይህንኑ ያገኙም ያላገኙም አሉ፤ ስለዚህ ልጁን ለማስመርመር እንዳያስቡ።

ጠበቃ፦
የዘመድዎ አባባል በምሁራን ዘንድም ተሞክሮ የወደቀ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ሎምብሮሶ በ1876 ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው በራስ ቅሉና በፊቱ ይታወቃል ብሎ ነበር። በ1913 እንግሊዛዊው ጎሪንግ 3,000 ያህል እስረኞችን ለክቶ ከተማሪዎችና ከወታደሮች ጋር ሲያነጻጽር፣ የተለየ የወንጀለኛ መልክ አጣ። የእኛም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 እና 49 የሚመረምረው ድርጊቱ ሲፈጸም የሰውዬውን የራሱን የአእምሮ ሁኔታ እንጂ የአባቱን ታሪክ አይደለም።

የሕፃናት አማካሪ፦
እኔን የያዘኝ ድንጋዩን ማስቀመጡ ነው። ስሜትን የሚገታው የአንጎል የፊት ክፍል በ20ዎቹ ዕድሜም ገና እየበሰለ ሳለ፣ በንዴት ላይ ያለ የ9 ዓመት ልጅ እጁን መግታቱ ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳስበኝ የሰማው ቃል ነው፤ ልጅ ደጋግመው የሚሰጡትን ስም አምኖ ይይዛልና። አባቱ ሲማታ አይቶ ያውቃልን? ልጆች ዓይናቸው ያየውን ይቀዳሉ። ምን እንደ ገባውም ራሱን ይጠይቁት።

የልጁ አክስት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባቱ ሲታሰር ገና ጡት አልጣለም ነበር፤ ምንም አላየም። ትናንት ማታ ስጠይቀው «እኔም ሳድግ እታሰራለሁ?» አለኝ። አቅፌው «አትታሰርም፤ ድንጋዩን ያስቀመጥኸው አንተው ነህ» አልሁት። ነገ ዘመዳችንን ቤታቸው ድረስ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ።