የከተሞች አጭር መንገድ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ፦ ርቀቱ ኔጋቲቭ ሆኖ ይወጣል

ጥያቄ፦
ሰላም። ፕሮግራሙ ከአዲስ አበባ ተነስቶ የየከተማውን አጭር መንገድ በዳይክስትራ (አጭሩን መንገድ የሚፈልግ ስልት) ያሰላል። ደሴን 400 ብሎ በትክክል ያወጣል፤ ጎንደር ላይ ግን −2147483469 ይላል። ያስገባሁት ከባሕር ዳር አዲስ አበባ 560፣ ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ነው። ከአዲስ አበባ በቀር የሁሉም ከተማ ርቀት ሲጀመር ኢንት ማክስ (ኢንት የተባለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር) ነው። ችግሩ የት ጋ ነው?

መልስ 1፦
ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ኢንት ማክስ በሆነው 2147483647 ላይ 180 ሲደመር ባለ32 ቢቱ ኢንት ሞልቶ ወደ ኔጋቲቭ ዞረ፤ ኔጋቲቭ ደግሞ ስለሚያንስ «አጭር መንገድ» ተብሎ ተመዘገበ። ከመደመርህ በፊት የተመረጠው ከተማ ርቀት ኢንት ማክስ መሆኑን አጣራ፤ ከሆነ ሉፑን (የሚደጋገመውን ክፍል) በብሬክ ትእዛዝ አቋርጥ።

መልስ 2፦
ይህ ምልክቱን እንጂ በሽታውን አያጠፋም፤ ጎንደር «መንገድ የለም» ትባላለች። ባሕር ዳር ሳይደረስባት የቀረችው መንገዱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሞላኸው ነው። እያንዳንዱን ርቀት ማትሪክሱ (የርቀቶቹ ሰንጠረዥ) ውስጥ ረድፍና ዓምዱን አገላብጠህ ሁለት ጊዜ ጻፍ። ያኔ 740 ይወጣል። ዜሮ የሆነውን ሳጥን ዝለለው፤ መንገድ የለም ማለት ነው።

ጠያቂ፦
740 ወጣ፣ አመሰግናለሁ! ስሞቹን በአማርኛ ሳስገባ ግን ደብረ ማርቆስ ላይ ይበላሻል። የስሙ አሬይ (ፊደሎቹ የሚቀመጡበት ቦታ) 20 ካራክተር፣ ማለትም 20 ባይት ነው።

መልስ 3፦
በዩቲኤፍ 8 (ፊደሎችን በባይት የሚያስቀምጥ ኮድ) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ደብረ ማርቆስ 7 ፊደል፣ አንድ ክፍት ቦታና የስሙን ማብቂያ የሚያመለክተው ዜሮ ተደምሮ 23 ባይት ነው። አዲስ አበባ ልክ 20 ስለሆነ ነው ያላስቸገረህ። 64 አድርገው። ስም የምታነበው በስካን ኤፍ ከሆነም ክፍት ቦታ ላይ ስለሚቆም፣ መስመሩን ሙሉ በሚያነበው በኤፍ ጌትስ አንብብና መጨረሻ ላይ የሚቀረውን የአዲስ መስመር ምልክት አጥፋ፤ ካልጠፋ ስሞች ሲወዳደሩ አይገጥሙም።